ዜሮ ብሎ የፈረመው ሰው

መጀመሪያውኑ ልናገርና ልገላገል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንድሜ ሞቷል። ገና ከመነሻው ሞቷል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀጥል እናንተም እንደ እኔ ትታለላላችሁ፤ እንደ እኔ መታለልን ደግሞ ለማንም አልመኝም።

ጽሑፍ ብዙ አልለመድኩም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ በድርሰትም ደህና ነበርኩ። ግን ስለ ሳህሌ ልጽፍ ስቀመጥ ብዕሩ ይቆምብኛል። ስለዚያ ሰውዬ ልጽፍ ስል ግን አይቆምም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሰውዬውን አቶ ኢያሱ እለዋለሁ። እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ እውነተኛውን መጻፍ ክብር መስጠት ይመስልብኛል። ያን ጊዜ «ጌታዬ» እና «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን «እሱ» ማለቴን እንደ ብልግና የሚቆጥርብኝ አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

አቶ ኢያሱ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የመጣ ሰው ነበር። ሥራው አክቹዋሪ ይባላል። ወልቂጤ ውስጥ ይህን ቃል ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ሾፌሩ ጋሼ ታፈሰ «የሞት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶ ሰው በዓመት ስንቱ እንደሚሞት ይገምታል፤ በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ ሰው ለመድኑ ምን ያህል እንደሚከፍል ይወስናል። ግምቱ ከእውነቱ ካነሰ የኩባንያው ሣጥን ባዶ ይሆንና ባሏ የሞተባት ሴት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከበዛ ደግሞ የሚገዛው አይገኝም። ትንሽ ሥራ አይደለም። ሥራውን አልንቅም። ሰውዬውን ነው የምንቀው።

በዚያ ዓመት መንግሥት የጭነት መኪና ባለቤቶች ሁሉ ለሾፌሮቻቸውና ለረዳቶቻቸው የሕይወት መድን እንዲገቡ ሊያዝዝ ነው ይባል ነበር። በጅማ መንገድ ከሚሠሩት ባለመኪናዎች ብዙዎቹ የእኛ አገር ነጋዴዎች ስለሆኑ ኩባንያው ከሌሎቹ ቀድሞ እነሱን ለማስፈረም ቸኮለ። ዋጋው ግን ያለ አክቹዋሪ ፊርማ አይጸድቅም። አክቹዋሪው እጅ ያለው ደግሞ እንግሊዞች እንዴት እንደሚሞቱ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። እንግሊዝ ቡና ጭኖ፣ ፍሬኑ በተበላ ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ በዝናብ የጊቤን ቁልቁለት አይወርድም። ስለዚህ አገር ቤት ገብቶ በየደጁ መጠየቅ ነበረበት። በዚህ ቤት ሾፌር ወይም ረዳት የሆነ ሰው ሞቷል ወይ ብሎ።

መጣ። መቼ መጣ ብትሉኝ፣ በመስቀል ሳምንት።

ብልጠቱን ልብ በሉ። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ ይገባል፤ ነጋዴውም፣ ሊስትሮውም፣ ሾፌሩም። ቤቱ ሙሉ ነው። «ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገኝበት ጊዜ ይኸው ነው» ብሎ በወረቀት ላይ አስልቶ መጣ። ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ አገር በመስቀል ሳምንት ሞት አይነገርም። ሰው ከመስቀል በፊት ቢሞት እንኳ መርዶው ተሸሽጎ ይቆያል፤ የቤቱ ሰው በዓሉን ይብላ፣ ልጆቹ ይጨፍሩ፣ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዳል። በዚያ ሳምንት ማንም ሰው ለማንም ሰው የሚለው «ሁሉ ደህና ነው» ነው።

ወንድሜ ሳህሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔን ያስተማረኝ፣ እናታችንን ያኖረ እሱ ነው። መኪናው የመንደራችን ሰው የአቶ በረታ ነበር። ከመስቀል በፊት፣ ከከፋ ቡና ጭኖ ሲመለስ፣ ጊቤ ላይ ተገለበጠ። አቶ በረታ ራሱ ወርዶ ከወንዙ ማዶ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀበረው። ከዚያ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መክሮ ለእናቴና ለእኔ፣ «ሳህሌን ጭቃ ይዞታል፤ መንገዱ ሲደርቅ ይመጣል» አለን። አመንን። ሳህሌን ጭቃ ሲይዘው የመጀመሪያው አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ጨርሼ ወልቂጤ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። አቶ ኢያሱ የእኛን ቋንቋ የሚያስተረጉምለት ሰው ሲፈልግ አስተማሪዬ እኔን ጠቆመ። ባረፈበት ሆቴል በር ላይ አገኘሁት። ካኪ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጫማ። በመሐረቡ ጫማውን እየወለወለ አነጋገረኝ።

«ስምህ ማነው?»

«ተክሌ ንዳ ነኝ፣ ጌታዬ።»

መሐረቡ ቆመ።

«ንዳ? ሳህሌ ንዳ የሚባል ሾፌር... ምንህ ነው?»

«ታላቅ ወንድሜ ነው። ያውቁታል እንዴ?»

ጋሼ ታፈሰ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

«ስሙን ሰምቻለሁ» አለ አቶ ኢያሱ፤ ጫማውንም መወልወል ቀጠለ። «ትርጉም ላይ አንድ ቃል አትጨምር፣ አንድ ቃል አትቀንስ። ገባህ?»

ገባኝ አልኩ። የወንድሜ ስም አዲስ አበባ ድረስ መታወቁ ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ከጉብሬ ጀመርን፤ ከዚያ ወደ ቸሃ ገባን። ላንድሮቨሩ መግባት የማይችልበት ቦታ ሲደርስ በጀፎረው ላይ፣ በመንደሮቹ መካከል በሚያልፈው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በእግራችን እንሄዳለን። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ለበዓል ታጥቧል፤ ደጁ ሁሉ ተጠርጓል። በየደጁ እኔ ሰላምታ ሰጥቼ እጠይቃለሁ። «እኚህ ጌታ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። በዚህ ቤት ሾፌር ወይም ረዳት ሆኖ የሞተ ሰው አለ ወይ? ብለዋል።»

መልሱ አንድ ነበር። የቤቱ ሰው መጀመሪያ እኔን ያያል። ረጅም ያያል። ከዚያ ሰውዬውን ያያል። ከዚያ፣ «ሁሉ ደህና ነው። ግቡ፣ ብሉ» ይላል።

አቶ ኢያሱ አይገባም። «ሥራ ላይ ነኝ በላቸው» ይለኛል። በመስቀል ሳምንት ጉራጌ ቤት ደጅ ቆሞ አልበላም ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እኔ ግን እገባለሁ። ደግሞስ እንዴት አበሉኝ! አንዷ እናት የክትፎውን ጣባ ከሌላው ሰው ፊት አንሥታ እኔ ፊት አስቀመጠችው። አንዱ ሽማግሌ ቆጮውን በእጁ ቆርሶ አጎረሰኝ፤ ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ እጁን ከጉንጬ አላነሣም። አንዲት በልጅነቴ የምታውቀኝ ሴትዮ፣ «ብላ፣ የኔ ልጅ፤ ብላ፤ ገና ብዙ ጉልበት ያስፈልግሃል» አለችኝ።

እኔ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ስለምዞር የተከበርኩ መሰለኝ።

አቶ ዘበርጋ ደጅ ስንደርስ ግን ነገር ተበላሸ። የአቶ ዘበርጋ ልጅ የመኪና ረዳት ነበር፤ ባለፈው ክረምት በወባ ሞቶ እኔ ራሴ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ጥያቄውን ስጠይቃቸው ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«ሁሉ ደህና ነው፣ ተክሌ» አሉ።

«አባ ዘበርጋ፣ ለሒሳብ ነው እኮ የሚጠይቁት።»

«ሁሉ ደህና ነው አልኩህ። ዛሬ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው እንዴ ይሄ? ያውም በአንተ አፍ?»

በአንተ አፍ ያሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከደጃቸው ራቅ ስንል አቶ ኢያሱን አቆምኩት።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል አትጨምር ብለውኛል፤ ግን እኚህ ሰው ልጃቸው ሞቷል። ረዳት ነበር። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

«ሞቷል አሉ?»

«አላሉም። በመስቀል አይባልም። ካላስቸገረዎት ከበዓሉ በኋላ እንመለስ። በየመንደሩ ማን መቼ እንደሞተ የማይነግረን ሰው አይኖርም።»

«የባለቤቱን መልስ ነው የምጽፈው» አለ። «የአንተ ትዝታ መረጃ አይደለም።»

«ግን ዜሮ ሊሆን አይችልም፣ ጌታዬ። እስከ አሁን በየቤቱ ዜሮ ነው። ሰው የማይሞትበት አገር አለ?»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ባለመኪናዎቹን በዚህ ሳምንት ካላስፈረምናቸው ሌላ ኩባንያ ይወስዳቸዋል። እነሱ ደግሞ የሚፈርሙት ዋጋው ሲቀንስ ነው። ከመስቀል በኋላ እዚህ ማን ይቀራል? አንተና እንሰቱ።»

ጋሼ ታፈሰ ከኋላችን ነበር። ቀስ ብሎ፣ «አቶ ኢያሱ፣ ልጁ እውነቱን ነው» አለ። «እኛ ሾፌሮች እንተዋወቃለን። በዚህ መንገድ ላይ...»

«ታፈሰ፣ መኪናህን ንዳ» አለው።

በመጨረሻ የእኛ መንደር ደረስን። እናቴ ደጅ ላይ ነበረች፤ አዶት ነው የምንላት። የሳህሌን ድርሻ ቅቤና አይብ ለብቻ ሸፍና አስቀምጣለች፤ ሲመጣ እንዲበላ። ጎረቤቶቻችን ሰውዬው ወደ እኛ ደጅ ሲያመራ አይተው በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡ። እኔ ለወሬ መሰለኝ። አሁን ሳስበው የሰውዬውን አፍ ሊይዙ የመጡ ይመስለኛል።

«ጠይቃት» አለኝ።

«እናቴ ናት እኮ፣ ጌታዬ።»

«ቤት አይደለም እንዴ? ጠይቃት።»

እየሳቅሁ ጠየቅኋት። አዶትም እየሳቀች መለሰችልኝ፤ ልጇ ሥራ ይዞ በማየቷ ደስ ብሏታል። «ሁለት ልጆች አሉኝ በለው። አንዱ ይኸው ፊቱ ቆሟል። አንዱ መኪናው ላይ ነው። ሁሉ ደህና ነው፤ ይግባና ይብላ በለው።»

አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አንዷ ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። አቶ ኢያሱ እናቴን አያት፤ ጫማውን አየ። እርሳሱን አወጣ። በዚያ ቤትም ዜሮ ጻፈ።

ያውቅ ነበር። የተገለበጠው መኪናም ሆነ የጫነው ቡና መድን የተገባላቸው በእሱ ኩባንያ ነበር፤ የአደጋው ወሬ የደረሰው እሱ ቢሮ ነው። እያወቀ ጻፈ።

የፊርማው ቀን የመስቀል እርድ በዋለ ማግስት ሆነ። ወልቂጤ ላይ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተዘጋጀ። ባለመኪናዎቹ የበዓል ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ከወረዳው አንድ ግራዝማች መጥተዋል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ ገብቷል። እኔ ከአማርኛ ወደ ጉራጊኛ ለማስተርጎም ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። አቶ በረታ ከፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ዓይኔን ሲያይ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አቶ ኢያሱ ተነሥቶ ዋጋውን ተናገረ። ርካሽ ነበር። ባለመኪናዎቹ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከኋላ ተነሡ።

«ዋጋው ጥሩ ነው። ግን እንዲህ ርካሽ ነገር ያስፈራኛል። ሾፌሮቹ ቢሞቱ በእርግጥ ለሚስቶቻቸው ይበቃል?»

«ይበቃል» አለ አቶ ኢያሱ። «መንደር ለመንደር ዞሬ፣ ቤት ለቤት ጠይቄ ያገኘሁት ነው። በጎበኘኋቸው ቤቶች የሞተ ሾፌር የለም። የሞተ ረዳት የለም። ዜሮ ነው። በሙያዬ አረጋግጣለሁ።»

ሽማግሌው ነጋዴ፣ «ዜሮ? ዜሮ እንኳ...» ብለው ጀመሩና እኔን አዩኝ። ተቀመጡ።

«ምንድን ነው? የሚናገር ይናገር እንጂ» አሉ ግራዝማች።

«ምንም የለም» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉ ደህና ነው።»

አቶ ኢያሱ ብዕሩን አነሣ። እኔም ያን ጊዜ አላስቻለኝም። የአቶ ዘበርጋ ልጅ ነው ያላስቻለኝ። መቃብሩ ላይ አፈር የመለስኩት እኔ፣ እንዴት ዜሮ ይባላል? እውነት ለመናገር ጀግንነት አልነበረም፤ እልህ ነበር።

«ግራዝማች ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ዜሮ አይደለም። የአቶ ዘበርጋ ልጅ ረዳት ነበር፤ ሞቷል። ነግሬያቸዋለሁ። ሌሎችም አሉ። ሰዉ በመስቀል ሞት ስለማያወራ ነው እንጂ ከበዓሉ በኋላ ቢጠየቅ...»

«ማነው ይሄ?» አሉ ግራዝማች።

«አስተርጓሚው ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ አቶ ኢያሱን በክፉ ዓይን እያየ። «ኢያሱ፣ ምን እያለ ነው? ነግሮሃል?»

የአቶ ኢያሱ ፊት ቀላ። ባለሙያ የሆነ ሰው እዚያ ላይ ምን ይል ነበር? «አዎን፣ ነግሮኛል፤ ላጣራው» ይል ነበር። ሦስት ቃል። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ፤ ያንን ሳቁንም ሳቀ።

«ግራዝማች፣ ይህን ልጅ አይስሙት» አለ። «የገዛ ወንድሙ ጊቤ ላይ ሞቶ ከተቀበረ ሰንብቷል፤ እሱን እንኳ አያውቅም። ሟቾችን ለእኔ ሊቆጥርልኝ ነው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለኝ። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ወንድም። አቶ በረታን አየሁት፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። ሌላውን አየሁ፤ እሱም ሸፍኗል። ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ድረስ አንድ በአንድ አየኋቸው። ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ጉርሻው ሁሉ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ቆጮ፣ ያ ሁሉ ክትፎ። «ገና ብዙ ጉልበት ያስፈልግሃል።» የለቅሶ ስንቅ ነበር ያጎረሱኝ።

«ጋሽ በረታ» አልኩ። «ጭቃው?»

አቶ በረታ ተነሥቶ አቀፈኝ። «በእጄ ነው የቀበርኩት፣ ወንድሜ» አለኝ። «በእጄ። ከመስቀል በኋላ ልነግርህ ነበር። ይሄ ውሻ ቀደመኝ።»

ደግፈው አወጡኝ። ወደ ውጭ ስወጣ በሩ ላይ ጋሼ ታፈሰ ባርኔጣውን አውልቆ ያለቅስ ነበር። የሆነውን ከዚያ በኋላ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ግማሾቹ ባለመኪናዎች ተከትለውኝ ወጡ። ግማሾቹ ቀሩ። ግራዝማች፣ «እንግዲህ አሁን አንድ ሆነ አይደል?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኢያሱ፣ «ከጥናቱ በኋላ የተሰማ ነው፤ አይገባም» አለ። ከዚያ ፈረመ። ወንድሜ ሞቷል ባለበት አፉ፣ ምራቁ ሳይደርቅ፣ ከዜሮው ሥር ፈረመ።

ለአዶት መርዶው በመስቀል ተነገራት። ሌላ ምን ይደረግ? ወሬው ወልቂጤ ወጥቷል። በመንደራችን በመስቀል ሳምንት ለቅሶ ሲቀመጥ ሰው አያስታውስም። ጀፎረው ላይ ልጆች ለጭፈራ የቆለሉትን እንጨት አነሡትና በቦታው ለቀስተኛ ተቀመጠ። ተሸፍኖ የቆየውን የሳህሌን ቅቤና አይብ አዶት ማንም እንዳይነካው አለች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አልችልም።

በማግስቱ አቶ ኢያሱ ለቅሶ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ነው አሉ የላከው። ጫማው ተወልውሏል። ሰዉ ቦታ ለቀቀለት፤ ለቀስተኛ አይባረርምና። «ለእናትህ፣ ኩባንያው በሐዘናችሁ ተካፋይ ነው በላት» አለኝ። ነገርኳት።

አዶት ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «ያ ሰው ነው? ደጄ ቆሞ የጠየቀኝ?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«ያን ጊዜ ሳህሌን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«አሁንስ? አሁን ቆጠረው ወይ በለው።»

ጠየቅሁት። አቶ ኢያሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሚመጣው ዓመት ሒሳብ ይገባል በላት።»

አንድ ቃል አትጨምር፣ አንድ ቃል አትቀንስ። «አልቆጠረውም፣ አዶት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችው። ከጫማው እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ለሴቶቹ፣ «ለዚህ ሰው ምግብ አቅርቡለት» አለች። «ያን ዕለት ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ነበር። ዛሬ ሥራውን ጨርሷል። የሚያፍር ሰው አይመስለኝም፤ ይበላል።»

የተናገረችው በቋንቋችን ነው። አልተረጎምኩለትም። ቆጮና ጎመን ቀረበለት። ሰዉ ሁሉ እጁን ሰብስቦ ያየው ነበር። በላ።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት «አዝኖላችሁ ይሆናል፤ እናትህን ላለማስደንገጥ ይሆናል ደጃችሁ ላይ ዝም ያለው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲህ ብዬ ልምረው ሞክሬ ነበር። ደጃችን ላይ አፉ ዝም ማለቱን ይቅር እላለሁ። አፉ እንደ ጎረቤቶቻችን ዝም ይበል፤ ሰው ነው። እጁ ግን ዜሮ ባይጽፍ ምን ነበረበት? «በዚህ ሳምንት የሰበሰብኩት መልስ አይታመንም» ብሎ ቢጽፍ ማን ይሞት ነበር? የመንደሬ ሰው «ሁሉ ደህና ነው» ያለው ለእኔ አዝኖ ነው። እሱ ያንን ርኅራኄ ወስዶ ዋጋ አወጣበት፤ ሸጠው።

የተሸጠውም ዕቃ ብዙ አልቆየም። ሾፌር መሞቱን አላቆመማ። ጊቤም ቁልቁለትነቱን አልተወም። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ተራ በተራ አዲስ አበባ ወጡ፤ የመጀመሪያዎቹ አገኙ፣ የኋለኞቹ «ሞቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ» ተብለው ተመለሱ። ከተጠበቀው በላይ! ማን ነው የጠበቀው? ዜሮ የጠበቀ ሰው አንድም ቢሞት ከተጠበቀው በላይ ነው። አቶ ኢያሱ ግን ደህና ነው። ከፍ ያለ ወንበር እንደተሰጠው ጋሼ ታፈሰ ነግሮኛል። ለሌላ መንገድ፣ ለሌላ አገር ሾፌሮችም ይፈርማል ማለት ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት የተለወጥኩበት ነገር አንድ ነው። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ሲናገር አምኜ እሰማ ነበር። አሁን መቼ ጠየቅህ፣ ማንን ጠየቅህ፣ ምን እያወቅህ ተውክ ብዬ እጠይቃለሁ። ሲቪል ሰርቪስ ልገባ አመልክቼ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህንኑ ጠይቄ ተባርሬያለሁ። ይሁን።

መንግሥት ባለመኪናውን መድን ግባ ብሎ ሊያስገድድ ከሆነ፣ የሚፈርመውንም ሰው እውነት ተናገር ብሎ ያስገድደው። ሹማምንቱ ይህን ጽሑፍ ካነበቡት የምላቸው ይኸው ነው። አያነቡትም።

ለእናንተ ለምታነቡት ግን ሌላ ልመና አለኝ። ምናልባት አንድ ቀን በዚህ መንገድ የሞቱትን በትክክል የሚቆጥር ሰው ይመጣል። ከመስቀል በኋላ የሚመጣ፣ የቀረበለትን የሚበላ፣ የሚጠብቅ። ቢመጣና ከየት ልጀምር ቢላችሁ፣ ከጊቤ ማዶ ባለች ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተቀበረ ሾፌር አለ በሉት። ስሙ ሳህሌ ንዳ ነው።

አንድ ብሎ ይጀምር።